መንገዱን የሚመርጠው ማን ነው?

በየስብሰባው፣ በየቴሌቪዥን ቃለ ምልልሱ የምትሰሟት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የባንክ መተግበሪያ ሲሽከረከር ውሎ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ሲል፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ጎረቤቱ የተላከ ፋይል ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ሳይደርስ ሲቀር፣ አንዱ ይነሳና «ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው» ይላል። ወሬው እዚያው ላይ ይሞታል። ቴክኒካዊ ከሆነማ ምን ይባላል? እንደ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ ዝናብ አይከሰስም።

እኔ ግን ዛሬ የምከሰው ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነው። መልእክታችሁ፣ ገንዘባችሁ፣ የሐኪም ቤት ውጤታችሁ በገመድ ላይ የሚሄድበትን መንገድ የሚመርጠው ሰው ነው። በአብዛኛው በገንዘብ ሒሳብ ይመርጣል፤ አንዳንዴ በኩርፊያ፣ አንዳንዴም በትእዛዝ። መራጭ ያለው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ሊኖረው ይገባል። «ቴክኒካዊ» የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ የምታገለግለው ይህን ተጠያቂ ለመሸፈን ነው።

ትንሽ ታገሡኝና ከሥሩ ልጀምር።

«ኢንተርኔት አጭሩን መንገድ ራሱ ፈልጎ ያገኛል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ኤድስኸር ዳይክስትራ የተባለ ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞር ደክሞት አንድ ካፌ ቁጭ አለ። ቡናውን እየጠጣ፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ማግኛ ስልት በጭንቅላቱ ሠራ። ዛሬም አንድ የቴሌኮም ኩባንያ በራሱ አጥር ውስጥ፣ ለምሳሌ ከሐዋሳ ራውተሩ ወደ ባሕር ዳር ራውተሩ፣ ዳታ ሲልክ በብዛት የሚሠራው በዚሁ የቡና ቤት ስሌት ነው። እዚህም ላይ ቢሆን ለእያንዳንዱ መስመር «ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር የሚሰጠው መሐንዲሱ ነው። ቁጥሩን ከፍ ካደረገው ዳታው መስመሩን ይሸሻል፤ ዝቅ ካደረገው ይጎርፍበታል። ትራፊክ ኢንጂነሪንግ የሚባለው ሙያ ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ ጭነቱን ከተጨናነቀው መስመር አንስቶ ባዶ ወደሆነው ማሸጋገር። ቤቱ የራሱ፣ ደንበኛውም የራሱ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የለኝም።

ዳታው አጥሩን ሲሻገር ግን ጨዋታው ሌላ ነው። በኩባንያና በኩባንያ መካከል ያለውን መንገድ የሚያስተዳድረው ቢጂፒ የሚባል ስምምነት ነው። ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎውሂድ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1989 ምሳ ላይ ተቀምጠው ናፕኪን ላይ የነደፉት ነው፤ ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ በእሱ ላይ ይሄዳል። በዚህ ስምምነት እያንዳንዱ ኔትወርክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ለምሳሌ 24757 ነው።

ቢጂፒ ሁለት መንገድ ሲቀርብለት «የትኛው ያጥራል?» ብሎ አይጀምርም። ቀድሞ የሚያየው ሎካል ፕሪፈረንስ የሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚጽፈው የኔትወርኩ ባለቤት ነው። ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እኔ የምወደው» እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ የሚወደው ደግሞ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ የሚከፍለኝ ደንበኛ፣ ቀጥሎ ያለ ክፍያ የምንለዋወጠው አቻ፣ በመጨረሻ እኔ የምከፍለው አቅራቢ። ርዝመት የሚታየው ከዚህ በኋላ፣ ውዴታው እኩል ከሆነ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በኪሎ ሜትር አይለካም፤ ዳታው በስንት ኩባንያ እጅ እንደሚያልፍ ነው የሚቆጠረው። ከናይሮቢ እስከ ለንደን የተዘረጋ አንድ ኩባንያ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ላይና ታች ፎቅ የተከራዩ ሁለት ኩባንያዎች ሁለት ይባላሉ። ስለዚህ በቢጂፒ ዓይን «አጭር» የሆነው መንገድ ባሕር ሊሻገር ይችላል።

ከሚኒባስ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ሾፌሩ ከመገናኛ ተነሥቶ መንገድ ሲመርጥ ካርታ አያይም፤ ተሳፋሪ የሚገኝበትን፣ ትራፊክ ፖሊስ የማይቆምበትን፣ ነዳጅ የማይፈጀውን ያያል። ልዩነቱ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አለ፤ «ኧረ ወዴት ነው የምትወስደን?» ብሎ መጮህ ይቻላል። በኢንተርኔቱ ሚኒባስ ላይ መስኮቱ ተጋርዷል።

ይህ ምርጫ ምን ያህል የገንዘብ፣ ምን ያህልም የሥልጣን ጉዳይ እንደሆነ ለማየት ከኬንያ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኬንያ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በሳተላይት ነበር፤ ባሕር ሥር የተዘረጋ ፋይበር የደረሳት በ2009 ነው። የናይሮቢ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር ይገዛሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ስለዚህ ናይሮቢ ያለ ነጋዴ እዚያው ናይሮቢ ላለ፣ የሌላ አቅራቢ ደንበኛ ለሆነ ሰው ኢሜይል ሲልክ ደብዳቤው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ናይሮቢ ይወርዳል። አራት ጊዜ 36 ሺህ፣ ያውም ለጎረቤት። ሁለቱም አቅራቢዎች ለዚህ ጉዞ በዶላር ይከፍላሉ፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው።

አቅራቢዎቹ ተሰባሰቡና በ2000 መጨረሻ፣ በኖቬምበር፣ የልውውጥ ማዕከል ከፈቱ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ማገናኛ ሳጥን፤ ሁሉም የየራሱን ገመድ አምጥቶ ይሰካል፣ የናይሮቢው ለናይሮቢ እዚያው ይለዋወጣል። ማዕከሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋ። የዘጋው ቴክኒካዊ ብልሽት አልነበረም። በወቅቱ ሞኖፖሊ የነበረው ቴልኮም ኬንያ «ዓለም አቀፍ ትራፊክ የማመላለስ ብቸኛ መብቴ ተነካ» ብሎ ከሰሰ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ፈቃድ የሌለው ሕገ ወጥ ተቋም ነው ብሎ አዘጋው። ልብ በሉ፤ ከናይሮቢ ናይሮቢ የሚሄደው ትራፊክ «ዓለም አቀፍ» የተባለው ለምንድን ነው? ሰማይ ወጥቶ እንዲመጣ ስለተደረገ ነዋ! መጀመሪያ መንገዱን በውጭ አገር ያዞሩታል፤ ከዚያ በውጭ አገር ስለዞረ የእኛ ነው ይላሉ።

ክርክሩ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ማዕከሉ በፌብሩዋሪ 2002 በፈቃድ ተከፈተ። ኋላ ከሳሹ ቴልኮም ኬንያ ራሱ ገመዱን ይዞ መጥቶ ተሰካ፤ ይህን ሳነብ ሳልስቅ አላልፍም። ኢንተርኔት ሶሳይቲ በ2012 ባሳተመው ጥናት መሠረት የአገር ውስጥ ልውውጡ የሚፈጀው ጊዜ ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ወደ 2 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ወርዷል፤ በዓመትም ለዓለም አቀፍ መስመር ይከፈል ከነበረው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተርፏል። ያው ድርጅት በ2020 ተመልሶ ሲያይ የማዕከሉ ከፍተኛ ፍሰት ከ1 ጊጋቢት ወደ 19 ጊጋቢት በሰከንድ አድጓል፣ በዓመት የሚተርፈውም 6 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። አገር ውስጥ የሚገኘው ትራፊክ ድርሻም ከ30 በመቶ ወደ 70 በመቶ ወጥቷል። ያ ሁሉ ዓመት ዙሪያ ጥምጥሙ የአንድ ኩባንያ ገቢ ነበር። «ቴክኒካዊ» የተባለው ነገር ውስጡ ይህ ነበር።

ወደ እኛ እንምጣ።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1894 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ኔትወርኩ አንድ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀያየረ እንጂ ባለቤቱ ያው መንግሥት ነው። አንድ ኔትወርክ ብቻ ባለበት አገር የልውውጥ ጥያቄ አይነሳም፤ ሰው ከራሱ ጋር ምን ይለዋወጣል? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ግን ሁለተኛ ትልቅ ኔትወርክ ተወለደ። በዚያው ሰሞን አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ማዕከላት ተከፈቱ። ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ኔትወርክ አላቸው። ከእንግዲህ «ከአንዱ ወደ አንዱ በየት በኩል ነው የሚኬደው?» የሚለው ጥያቄ የአገር ጥያቄ ሆኗል።

ለድምፅ ጥሪ ጥያቄው መልስ አለው። ከአንዱ ኩባንያ ሲም ወደ ሌላው ሲደወል ጥሪው እዚሁ ይገናኛል፤ ለዚህም ደንብ አለ፣ ዋጋ አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ከቦሌ ካዛንቺስ የተደወለ ስልክ በማርሴይ በኩል ይዙር ቢባል ማንም «አብደሃል?» ይላል። ዳታ ሲሆን ግን ዝም እንላለን፤ ዳታ መንገዱ አይሰማማ። እኔ የምለው ለዳታውም የዚያኑ ያህል ጥብቅ ግዴታ ይጻፍለት ነው። አገር ውስጥ ተነሥቶ አገር ውስጥ የሚያልቅ ትራፊክ ድንበር እንዳይሻገር፣ የልውውጡ መጠንም በየሩብ ዓመቱ በይፋ እንዲወጣ። የልውውጥ ማዕከል የሚል ጽሑፍ በር ላይ መስቀል ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። ቁጥሩን አሳዩን። ስንት ጊጋቢት? እነማን ተሰኩ? ትልልቆቹስ በሙሉ አቅማቸው ተሰኩ ወይስ ለፎቶ አንድ ቀጭን ገመድ ላኩ?

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚለኝ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን የኤቲኤም ካርድ ያውጣ። አንድ ጊዜ የባንካችሁን ኤቲኤም ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ትዞሩ ነበር፤ ዛሬ የማንኛውንም ባንክ ካርድ በማንኛውም ባንክ ማሽን ትከታላችሁ። ይህን ያደረገው ኢትስዊች ነው፤ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ባንኮች በጋራ የያዙት ማገናኛ። ውድድሩ በዚህ አልቀረም። የኢንተርኔት ልውውጥ ማዕከልም ያው ኢትስዊች ነው፤ የሚያልፍበት ከብር ይልቅ ዳታ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን በቁጥር እንየው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚህ በላይ የሚያስሮጠው መሐንዲስ አልተወለደም። ከአዲስ አበባ በጅቡቲ፣ በቀይ ባሕርና በግብፅ አድርጎ ማርሴይ የሚደርስ ገመድ ርዝመቱን ዝቅ አድርገን 6 ሺህ ኪሎ ሜትር እንበለው። አዲስ አበባ ያለ ስልክ አዲስ አበባ ላለ ኮምፒውተር የላከው ጥያቄ ማርሴይ ደርሶ ከተመለሰ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደ፤ 60 ሚሊ ሰከንድ። መልሱም እንደዚያው ከዞረ 120። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የተቆለፈ ገጽ፣ ያቺ መቆለፊያ ምልክት ያለባት፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማሳየቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት፤ አንዱ ለሰላምታ፣ አንዱ ለቁልፉ፣ አንዱ ለጥያቄው። 360 ሚሊ ሰከንድ በባዶ ስክሪን አለቀ ማለት ነው። አንድ መተግበሪያ ደግሞ ከጀርባው አሥርና ሃያ ጥያቄ ይልካል። ይህ የብርሃን ፍጥነት ብቻ ነው፤ መጨናነቁን አልቆጠርኩም፤ ለጉዞው የሚከፈለውን የውጭ ምንዛሪም አልቆጠርኩም። ለመድኃኒትና ለነዳጅ ዶላር የምንቆጥር ሰዎች ለጎረቤት ሰላምታ የምናወጣው ዶላር ሊኖረን አይገባም።

መዘግየቱስ ይሁን፣ እንታገሠው። የከፋው መልሕቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር መግቢያ አካባቢ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ፤ እሷ መልሕቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች። በዚያው ሳምንት ሦስት የባሕር ሥር ገመዶች ተቆረጡ፤ ብዙዎች የሚያምኑት የቆረጣቸው ያ መልሕቅ መሆኑን ነው። ሦስቱም፣ ሲኮም፣ ኢአይጂና ኤኤኢ-1፣ ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። ወር ሳይሞላ በማርች ከኮትዲቯር ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት አራት ገመዶች በአንድ ቀን ተበጠሱ፤ ምዕራብ አፍሪካ ጨለመ። በሜይ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚወርዱ ሁለት ገመዶች ተቆርጠው ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ተንቀራፈፈ። በ2025 ሴፕቴምበር ጅዳ አጠገብ እንደገና።

እኛ ባሕር የለንም። ወደ ባሕሩ የምንወጣው በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው። ሱዳን ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ታውቃላችሁ። በመግለጫ ላይ «ሦስት አማራጭ መስመሮች አሉን» ሲባል ደስ ይላል፤ ጥያቄው ግን ሦስቱ የት ነው የሚገናኙት? የጅቡቲው ወደ አውሮፓ ሲወጣ በቀይ ባሕር ነው። የሱዳኑም ቀይ ባሕር ነው። የኬንያው ሞምባሳ ወርዶ ወይ ወደ ሰሜን ዞሮ ቀይ ባሕር ይገባል፣ ወይ በደቡብ አፍሪካ በኩል አህጉሩን ይዞራል። በአንድ ጉድጓድ የሚያልፉ ሦስት ገመዶች ለመልሕቅ አንድ ገመድ ናቸው። (ለዶዘርም እንደዚያው፤ መንገድ ሲቆፈር የሰፈሩ ኢንተርኔት የጠፋበት ሰው ይህን ለማስረዳት ቀይ ባሕር ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም።) በዚህ ላይ የአገር ውስጡን ትራፊክ ጨምረን ባሕር ከጫንነው፣ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚላከው ገንዘብ የሚደርስ አለመድረሱን የሚወስነው የመን አጠገብ የሚንሳፈፍ መርከብ ይሆናል። የውጭው መስመር ሲቆረጥ ፌስቡክ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። የውጭው ሲቆረጥ የአገር ውስጡ ሆስፒታል ከአገር ውስጡ ላቦራቶሪ ጋር መነጋገር ካቃተው ግን ጥፋቱ የመርከቧ አይደለም።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ፤ ሁለቱ ጠንካራ ናቸው።

«የምናየው ነገር ሁሉ ውጭ አገር ነው፤ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም። የአገር ውስጥ ልውውጥ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ይህን ጽሑፍ የያዘው የቴሌግራም ማሽንም ውጭ እንዳለ አልክድም። ግን የኬንያን ቁጥር መልሳችሁ አንብቡት። ከ30 ወደ 70 በመቶ የወጣው ኬንያውያን በድንገት የአገራቸውን ቪዲዮ ብቻ ማየት ስለጀመሩ አይደለም። ልውውጥ ማዕከሉ ሲኖር፣ ዳታ ማዕከሉ ገለልተኛ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ሰው የሚያየውን ነገር ግልባጭ ይዘው መጥተው እዚያው ያስቀምጣሉ። አንድ ዘፈን ለሚሊዮን ሰው ሚሊዮን ጊዜ ባሕር ከሚሻገር አንዴ ተሻግሮ ይቀመጣል። ገበያው ያለበት ቦታ ነጋዴው ይመጣል። ገበያውን ሳናቋቁም ነጋዴው አልመጣም ብሎ ማማረር ግን የእኛ ችግር ነው።

ከዚሁ ጋር «የሚያዋጣ ከሆነ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይስማማሉ» የሚል የገበያ ወዳጅ አለ። ለእኩዮች እውነት ነው። አንዱ ዝሆን፣ ሌላው ድመት ከሆነ ግን ዝሆኑ ልውውጥ ምን ያደርግለታል? ድመቷ መንገዱን ከእሱ እንድትገዛ ነው የሚፈልገው። ናይሮቢ ላይ የሆነው ይህ ነበር፤ ያስታረቃቸውም ገበያው ሳይሆን ክርክርና ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያ የሚመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። «ልውውጥ በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል» ይላል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2018 ሜይንዋን የተባለ የናይጄሪያ ኩባንያ ኔትወርኩን ሲያሻሽል አንድ ማጣሪያ ሳተ። ከጉግል ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ለዓለም «በእኔ በኩል ኑ» ብሎ አወራ፤ ቻይና ቴሌኮም አመነው፣ ከዚያም የሩሲያው ትራንስቴሌኮም። ለ74 ደቂቃ ያህል ጉግልን የፈለገ ብዙ ሰው በሩሲያና በቻይና አድርጎ ወደ ሌጎስ ተላከ። ሰኔ ላይ በ2019 (ጁን 24) የሆነው ይብሳል። አንድ ትንሽ የፔንሲልቬኒያ ኢንተርኔት አቅራቢ መንገድ የሚያመቻች አውቶማቲክ መሣሪያ ገዛ፤ መሣሪያው ትራፊኩን ለማከፋፈል አድራሻዎችን ሰነጣጥቆ ለራሱ ብቻ የሚሆን የውሸት ካርታ ይሠራል። ካርታው ሾልኮ ደንበኛው ለሆነ ብረታ ብረት አምራች ኩባንያ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ቬራይዘን፤ ቬራይዘን ሳያጣራ ለዓለም አሰማው። የኢንተርኔት ትልቅ ክፍል በአንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ኔትወርክ ሊያልፍ ተጋፋ፤ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ብቻ በከፋው ሰዓት ከዓለም አቀፍ ትራፊኩ 15 በመቶ ያህሉን አጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ግን ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት «አትገናኙ» የሚል አይደለም። ቻይና ቴሌኮምና ቬራይዘን ማጣሪያ ቢኖራቸው ወሬው ደጃፋቸው ላይ ይቀር ነበር። አድራሻው የማን እንደሆነ በፊርማ የሚያረጋግጥ አርፒኬአይ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ለአፍሪካ አድራሻዎች ፊርማውን የሚሰጠው አፍሪኒክ ነው። የተሰነጣጠቁ አድራሻዎችን ያስቆም ነበር። ተቆጣጣሪው ይህን የፈቃድ ግዴታ ያድርገው፤ ወጪው የአንድ ቢልቦርድ ማስታወቂያ አያህልም።

መንገድን በትእዛዝ መጠምዘዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ስህተት ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ ይዘጋ አለ። የአገሪቱ ቴሌኮም ለራሱ ሰዎች ብቻ የታሰበ የውሸት መንገድ ሠራ፤ መንገዱ በሆንግ ኮንጉ አቅራቢው በኩል አምልጦ ዩቲዩብን ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም አጠፋው። እኛም የመዝጋቱን ነገር እናውቀዋለን። በ2009 ዓ.ም. ለፈተና ተዘጋ፤ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ እንደገና፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል። «ልውውጥ ማዕከል ከተቋቋመ መንግሥት ለመዝጋት ይመቸዋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በር አንድ ሲሆን ነው በአንድ ቁልፍ የሚዘጋው። እስካሁን የተዘጋው ልውውጥ በዝቶ መሰላችሁ? በየክልሉ ከተማ፣ በአባላቱ በጋራ የሚተዳደር፣ ገለልተኛ ሕንፃ ላይ ያለ ልውውጥ መሐንዲስም ዳኛም ሊያየው የሚችል ቦታ ነው። ደግሞም የውጭው መንገድ ሲዘጋ ቢያንስ ባንኩና ሐኪም ቤቱ እዚሁ መነጋገር አለባቸው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መዝጋቱን የደገፈም የተቃወመም ሰው ደመወዙን ማውጣት ነበረበት።

አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) አለን፤ መረጃችን የት ይቀመጥ ብለን መከራከር ጀምረናል፤ ጥሩ ነው። በየት ይለፍ የሚለውን ግን አላነሳነውም። የእንግሊዝ የስለላ ተቋም በአገሩ የሚያልፉ የባሕር ሥር ገመዶችን ይጠልፍ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣው ሰነድ አሳይቷል። መቆለፊያው ይዘቱን ይሸፍናል፤ ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ግን አይሸፍንም። አንድ የቀበሌ ፋይል ወደ ክፍለ ከተማው ለመሄድ በሌሎች አገሮች ሕግ ሥር የሚያልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ለባለሥልጣኑ ያለኝን ጥያቄ ከላይ ጽፌዋለሁ። መልሱን እየጠበቃችሁ ግን የተጋረደውን መስኮት ትንሽ ገለጥ ማድረግ ትችላላችሁ። ትሬስራውት የሚባል መሣሪያ አለ፤ በኮምፒውተር አብሮ ይመጣል፣ ለስልክም በነጻ ይገኛል። አገር ውስጥ ዳታ ማዕከል ላይ እንዳለ የምታውቁትን አንድ ድረ ገጽ አድራሻ ስጡት፤ የእናንተ ኢንተርኔት ግን ከሌላ ኩባንያ ይሁን። መስመር በመስመር ዳታው የነካቸውን ራውተሮችና የፈጀውን ሚሊ ሰከንድ ይዘረዝርላችኋል። የመጀመሪያው የቤታችሁ ዋይፋይ ነው። በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ገና ከጅምሩ ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ታያላችሁ፤ እሱ የአየሩ ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ቁጥሩ በመቶ ዘሎ በዚያው ከቀጠለ ባሕር ተሻግሯል። መሣሪያው የሚያሳያችሁ መሄጃውን ብቻ ነው፤ መመለሻው በሌላ መንገድ ሊሆን ስለሚችል ከሌላኛው ኩባንያ መስመር ላይ ያለ ጓደኛችሁ ወደ እናንተ አቅጣጫ ይሞክርና አስተያዩት። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ማታ በሁለት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት፣ አንዴ ድገሙት።